ቡፌው ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች

(የመክፈቻ ሙዚቃ፦ ክራር፣ 15 ሰከንድ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)



ይህ ድምፅ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው በወረቀት በኩል ነው። ሬዲዮአችሁን ከፍታችሁ ብታዩት ከፊት ወንፊቱ ኋላ አንድ ሾጣጣ ነገር ታገኛላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀት የተሠራ ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ትንሽ ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ ዙሪያ ደግሞ ማግኔት። በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ማግኔቱ ቀለበቱን ይገፋል፣ ይስባል። ቀለበቱ ወረቀቱን፣ ወረቀቱ አየሩን፣ አየሩ የጆሯችሁን ታምቡር ያንቀሳቅሳል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ይህን አሠራር ለሙያ ባልደረቦቻቸው በጽሑፍ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እንግዲህ መቶ ዓመት ሞልቶታል። ዛሬ በመኪና ዋጋ ከሚሸጡት ስፒከሮች አብዛኞቹም፣ ጎናችሁ ያለችው ትንሽ ሬዲዮም፣ የሚናገሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የዛሬው ርእሳችን የቤት ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ስፒከሩ፣ አምፕሊፋየሩ፣ የሸክላ ማጫወቻው። ጥሩውን እንዴት እንምረጥ? ያረጀውን እንዴት እናድን? ካዳንነውስ በኋላ የት አስቀምጠን እንስማው? ብዙ ሰው ጥሩ ድምፅ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ገንዘብ አይረዳም አልልም። በየሰዉ ቤት ስገባ የማየው ግን ሌላ ነው። ደህና ድምፅ ማውጣት የሚችል ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ወይ ቦታው ስላልተስማማው፣ ወይ አንዲት የስፖንጅ ቀለበት ስለረገፈችበት፣ ወይ ሽቦው ተገልብጦ ስለታሰረ፣ ድምፁ ታፍኖ ይኖራል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን አውርዳችሁ እንድትመረምሩት ነው የዛሬው ልመናዬ።

የእናቴ ሳሎን ቡፌ ላይ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች ነበሩ። አባቴ በደህናው ጊዜ የገዛቸው ስፒከሮች ናቸው። ዳንቴል ለብሰው፣ በአንደኛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ በሌላኛው ላይ የታላቅ እህቴ የምረቃ ፎቶ ተቀምጦባቸው ዓመታት አለፉ። «ተቃጥለዋል» ተብሎ ነበር፤ ማን እንዳለው የሚያስታውስ የለም። አንድ ቀን አበባውንና ፎቶውን አነሣሁ፣ የፊት ጨርቁን ነቅዬ የትልቁን ስፒከር ዳር በጣቴ ጫፍ ነካ አደረግሁት። እንደ ደረቀ የአምባሻ ፍርፋሪ እጄ ላይ ረገፈ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ መምረጥ ላውራ።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ቀድሞ የሚያጫውትላችሁ መስታወት የሚያንቀጠቅጥ፣ ደረት የሚደልቅ ዘፈን ነው። እሱን ተዉት። ዘፈኑን ካላወቃችሁት ምን መምሰል እንዳለበትም አታውቁም፤ ስለዚህ ስፒከሩ እውነት ይናገር፣ ይዋሽ መለየት አትችሉም። የምታውቁትን ድምፅ ይዛችሁ ሂዱ። ሁላችንም ከማንኛውም ዘፈን ይበልጥ የምናውቀው ደግሞ የሰውን ንግግር ነው፤ ከመወለዳችን በፊት ጀምረን ሰምተነዋል።

ይህን የሬዲዮ ሰዎች ቀድመው ነው የተረዱት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዙ ቢቢሲ ለቀረጻ መኪናዎቹ ትንሽ ስፒከር አስፈለገው። ከስቱዲዮ ውጭ የሚሠራ ዝግጅት ሲኖር ባለሙያው ጠባብ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው ድምፁን የሚቆጣጠረው። ትልቅ ሳጥን አይገባም፤ ቀኑን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ መሥራትም አያረካም። የድርጅቱ መሐንዲሶች ኤልኤስ 3/5ኤ የሚባለውን ሠሩ። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። ወለል አያንቀጠቅጥም፣ ለሠርግ ቤት አይሆንም። ሰው ሲናገርበት ግን ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ሲሠራም ዋናው መመዘኛ ይኸው የንግግር ተፈጥሯዊነት ነበር። ፋብሪካዎች በፈቃድ አምርተው ሸጡት፤ ዛሬም ድምፅ ወዳዶች እየፈለጉ ይገዙታል።

እኛ ደግሞ ለዚህ ፈተና የተመቸ ቋንቋ አለን። እስቲ ስሙኝ።

(አቅራቢው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ፣ በዝግታ)

ልጁ መጣ። ልጁ መታ። ልጁ መጣ። ልጁ መታ።

በ«ጠ» እና በ«ተ» መካከል ያለው ልዩነት ከሰከንድ በጣም ባነሰች ቅጽበት ውስጥ ያለች ፍንዳታ ናት። «ጠ» ሹል ብላ ትነሣለች፣ ወዲያው ትቆረጣለች። ስፒከሩ ፈጥኖ መነሣትና ፈጥኖ መቆም ካልቻለ ሁለቱ ቃላት ይመሳሰሉባችኋል፤ የተናገርኩትን ከወሬው አካሄድ ትገምቱታላችሁ እንጂ አትሰሙትም። «ቀ» እና «ከ»፣ «ጨ» እና «ቸ» እንዲሁ ናቸው። ሱቅ ስትሄዱ በስልካችሁ የጥሩ ዜና አንባቢ ድምፅ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ወንዱ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ከመሰለ ሳጥኑ ራሱ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ነው ማለት ነው። የሴቷ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ቱዊተሩ፣ ልክ የለውም። እንዲህ ያለው ዕቃ የመጀመሪያ ቀን «ጥርት ያለ» ይመስላል፤ በሳምንቱ ያደክማችኋል።

ከንግግር ቀጥሎ በአካል የሰማችሁትን መሣሪያ ፈልጉ። ማሲንቆን ከአዝማሪው ፊት ተቀምጦ የሰማ ሰው የጭራው ፍትጊያ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ጥሩ ስፒከር ያንን ሻካራነት አይለሰልሰውም። ዋሽንት ላይ ከዜማው አጠገብ ትንፋሹ ይሰማል። ከበሮ ሲመታ «ድም» ብሎ ይቆማል፤ «ድምምምም» እያለ የሚጎተት ከሆነ የሳጥኑ ነው እንጂ የከበሮው አይደለም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኤድጋር ቪልቹር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በእርሱ ዘመን ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ለማውጣት የማቀዝቀዣ ያህል ሳጥን ያስፈልግ ነበር። ቪልቹር ሳጥኑን አየር እንዳያስገባ አድርጎ ጠረቀመውና ውስጥ የታፈነው አየር ለወረቀቱ ሞላ እንዲሆነው አደረገ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይገፋዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ይስበዋል። ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ ድረስ አነሰ፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ይበልጥ ንጹሕ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሄንሪ ክሎስ ከሚባል ሰው ጋር በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው በኋላ ያደረገውን ነው የምወድለት። ፋይን አርትስ ኳርቴት የተባሉ አራት የቫዮሊን ቤተሰብ ተጫዋቾችን መድረክ ላይ አስቀመጠ፤ ከአጠገባቸው ስፒከሮቹን። ተጫዋቾቹ መጫወት ይጀምራሉ፤ በመሃል እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ክሩን መንካት ያቆማሉ፣ ቀረጻው በስፒከሩ ይቀጥላል። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው መቼ እንደተቀየረ መለየት አቃተው። ስፒከር መመዘን ያለበት እንዲህ ከእውነተኛው መሣሪያ ጎን ቆሞ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሌላ ስፒከር ጋር ብቻ ስታወዳድሩት የሚያሸንፈው የሚጮኸው ነው።

ስለ ዋት ደግሞ አትጭበርበሩ። የካርቶኑ ፊት ላይ 2,000 ወይም 5,000 ዋት ተጽፎ ታያላችሁ። ዕቃውን አዙሩትና ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ምልክት አንብቡ፤ ከሶኬት የሚወስደው ስንት ዋት እንደሆነ ተጽፏል። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 2,000 ዋት ሊሰጣችሁ አይችልም፤ ከየት ያመጣዋል? ለሳሎን የሚበቃው ከምታስቡት ያነሰ ነው። ጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲቀበል ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መጨመር አለበት፤ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ብትሄዱ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በጀታችሁ ሲከፋፈል ትልቁን ድርሻ ለስፒከሩ ስጡ፤ ለሽቦ ደግሞ ወፈር ያለ ተራ የመዳብ ሽቦ ይበቃል።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ፦ ዋሽንት፣ 8 ሰከንድ)

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ እኔ ከዕቃው እኩል የምቆጥረው ክፍሉን ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ላጨብጭብ።

(ጭብጨባ፤ በስቱዲዮ ውስጥ)

ይህ ስቱዲዮ ነው፤ ግድግዳው ድምፅ በሚመጥ ነገር ተሸፍኗል። ቀጥሎ የምትሰሙት ባዶ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ የተቀዳ ነው።

(ጭብጨባ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀዳ)

ሰማችሁት? ከጭብጨባው በኋላ «ዝርርር» የሚል ነገር ተከተለ። ሴራሚክ ወለል፣ ልስን ግድግዳ፣ ሰፊ መስታወት፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላተመ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ የዓለም ምርጡ ስፒከር ቢገባ ቃላቱ ይዛነቃሉ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ስጋጃ አንጥፉ። ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ። መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ድምፁን ይበትነዋል። ጋቢ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚሰማ ሰው አውቃለሁ፤ ሳሎኑ ያምርበታል፣ ድምፁም ያምርበታል።

ቦታውስ? ብዙ ቤት ሁለቱ ስፒከሮች ቡፌ ላይ ተጣብቀው፣ ወይም አንዱ ጥግ አንዱ ከሶፋው ኋላ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ቡፌ ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ እሱም ብርጭቆዎቹም አብረው ይዘፍናሉ። አውርዷቸው። ጠንካራ በርጩማ ላይ አስቀምጡና ቱዊተሩ ተቀምጣችሁ ሳለ ከጆሯችሁ ትይዩ ይሁን። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን፤ ልክ እንደ ሦስት ጉልቻ። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል ሳቡና ስሙ፤ ከዚያ ትንሽ ገፋ፣ እንደገና ስሙ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ወፍራሙ ድምፅ ይበዛበታል፤ ሁለት ግድግዳና ወለል ተባብረው ይገፉታል። ቦታው ሲገጥም ዘፋኙ ከቀኝም ከግራም ሳይሆን ከመሃል፣ ምንም ዕቃ ከሌለበት ቦታ ይዘፍናል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ተነሥቶ መሃል ላይ ስፒከር ይኖር እንደሆነ ሲፈልግ አይቻለሁ።

መሃል ላይ ዘፋኝ ከሌለ፣ ወፍራሙም ድምፅ ከጠፋ፣ የሽቦ መገልበጥ ጠርጥሩ። አሁን ወረቀትና እርሳስ የሚያስፈልግበት ቦታ ደርሰናል።

አንዲት ተራ ባትሪ ድንጋይ አምጡ፤ የ1.5 ቮልቷን፣ የግድግዳ ሰዓት የምታሠራውን። አምፕሊፋየሩን አጥፉ፤ የስፒከሩን ሁለት ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። የፊት ጨርቁን አንሡና የትልቁን ስፒከር ወረቀት እዩ። አሁን ከስፒከሩ ቀይ መያዣ የሚመጣውን ሽቦ በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ፣ ጥቁሩን በአሉታዊው ለቅጽበት ነካ አድርጉ። «ጧ» ይላል፤ ወረቀቱም ወደ እናንተ ወጣ ይላል። ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተገልብጧል። ሁለተኛውንም እንዲሁ ሞክሩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባ ከሆነ አንዱ የገፋውን አየር ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ እየተጣፋ ያልቃል። ስንት ሰው ይህን ሳያውቅ «ስፒከሩ አርጅቷል» ብሎ ሸጧል! ሽቦውን መገልበጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ባትሪው ሲነካ ጨርሶ ዝም ካለና ወረቀቱ ካልተነቃነቀ ደግሞ የመዳብ ጥምጥሙ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። መለኪያ ያለው ጠጋኝ በአንድ ደቂቃ ያረጋግጥላችኋል፤ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በመለኪያው ላይ 6 ወይም 7 ገደማ ካሳየ ደህና ነው።

የአባቴን ስፒከሮች እንዲህ አደረግኋቸው። «ጧ» አሉ፤ ሁለቱም። አልተቃጠሉም ነበር። የሞተው ዳራቸው ነበር።

ስለዚህ ዳር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤት ያለው ችግር ይኸው ነውና። ወረቀቱ ከብረት ፍሬሙ ጋር የተያያዘው እንደ ልብ በሚታጠፍ ቀለበት ነው። ፋብሪካዎች ድሮ ብዙ ጊዜ ይህን ቀለበት ከስፖንጅ ይሠሩት ነበር፤ ቀላል ነው፣ ለድምፅም ይስማማል። ነገር ግን እርጥበትና ብርሃን፣ አየሩም ራሱ ይበሉታል፤ ከ10 እስከ 20 ባለው ዓመት ውስጥ ሟሽሾ ይረግፋል። ባይሠሩበትም ይረግፋል። ከጎማ ወይም ከጨርቅ የተሠራው ዳር ረጅም ዕድሜ አለው። ስለዚህ ያገለገለ ስፒከር ስትገዙ ጨርቁን ሳታነሡ ብር አትክፈሉ። ዳሩን ቀስ ብላችሁ በጣት ንኩት፤ ከተለጠጠ ደህና፣ ከተጣበቀ ወይም ከፈረፈረ ዋጋውን ቀንሱ እንጂ አትሽሹ።

አዲሱ ቀለበት በልክ ይገዛል። የወረቀቱን ስፋት፣ የፍሬሙን ውስጥና ውጭ በማስመሪያ ለክቼ ለአክስቴ ልጅ ወደ አሜሪካ ላክሁላት፤ እርሷም ገዝታ፣ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ሰጥታ በሻንጣ ላከችልኝ። ዕቃው ከአንድ ጥንድ ካልሲ አይከብድም። አሮጌውን ስፖንጅና ሙጫ በአልኮል እያረጠብሁ፣ በደነዘዘ ቢላ ስፍቅ አንድ ከሰዓት ሙሉ ወሰደብኝ። ይህን ሥራ አትቸኩሉበት፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ከዚያ አዲሱን ቀለበት መጀመሪያ ከወረቀቱ ጋር አጣበቅሁ። የምትጠቀሙበት ሙጫ ሲደርቅ የሚለመጥ መሆን አለበት፤ እንደ ድንጋይ የሚደርቀው አይሆንም። አሳደርሁት።

በማግሥቱ ዳሩን ከብረቱ ጋር ማጣበቅ ቀረ። ከባዱ ይህ ነው። የመዳቡ ቀለበት በማግኔቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስባት ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ታንሳለች። ወረቀቱ ትንሽ ወደ ጎን ከሄደ መዳቡ ብረቱን ይፍቀዋል። ሙጫውን ቀባሁ፣ ቀለበቱን አስቀመጥሁ፣ ከዚያ ሁለት አውራ ጣቶቼን ከወረቀቱ መሃል ግራና ቀኝ አድርጌ እኩል ቀስ ብዬ ገፋሁት። «ሽርር» አለ። ትንሽ ወደ ቀኝ አንሸራተትሁት። እንደገና ገፋሁ። አሁንም «ሽርር»፤ ቀለል ያለ። ትንሽ ወደ ላይ። ገፋሁ። ዝም። ያ ዝምታ ሲመጣ እጅ ይንቀጠቀጣል። በልብስ መቆንጠጫ ዙሪያውን ያዝሁትና 24 ሰዓት አልነካሁትም።

(ማለፊያ፦ ማሲንቆ፣ 8 ሰከንድ)

አሁን ስለ መብራት። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ጥሩ ጥሩ ያገለገሉ ዕቃዎችን ይልካሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። አንድ ጊዜ አጎቴ ያመጣልንን አምፕሊፋየር ጀርባውን ሳላነብ ሰካሁት። ሦስት ሰከንድ አልቆየም፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ከዚያ ጭስ። እስከ ዛሬ ያንን ሽታ አልረሳሁትም። ስለዚህ ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ ዕቃ ቮልት መቀየሪያ አለው። የሌለው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ዕቃው ከሚወስደው ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚችል ይሁን። ከእስራኤልና ከአውሮፓ የሚመጣው ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል።

የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ግን ቮልቱን ማውረድ ብቻ አይበቃም። መብራት በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥርም አለ፤ በእኛ አገር 50፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ። ሳዑዲ ዓረቢያም 60 ነው። የብዙ አሮጌ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚህ ቁጥር ነው። በአሜሪካ 45 ዙር በደቂቃ የሚያዞረው ማጫወቻ እዚህ ሲሰካ 37 ተኩል ብቻ ያዞራል። 3 ደቂቃ የነበረው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይሆናል፤ የዘፋኙ ድምፅ ይወርዳል፣ ይጎረንናል። ሰዎች «ሸክላው ተበላሽቷል» ይላሉ፤ ሸክላው ምንም አልሆነም። መፍትሔው ከሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን፣ ቀበቶው የሚጠመጠምባትን ትንሽ መዘውር ለ50 በተሠራችው መቀየር ነው። ፍጥነቱን ራሱ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ማጫወቻ ካገኛችሁ ይህ ሐሳብ አይነካችሁም።

አምፕሊፋየሩ ዘፈን ሳይኖር «እምምም» እያለ የሚያጉረመርም ከሆነ ብዙ ጊዜ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች ደርቀዋል። ይህን ለባለሙያ ስጡት። እነዚያ ካፓሲተሮች ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎም ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። ጥሩ ጠጋኝ ለረጅም ዓመት የቆመን ዕቃ በቀጥታ አይሰካውም፤ በመሃል ባለ ክር አምፖል አስገብቶ ይሞክረዋል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ችግር አለ፤ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። የምትወስዱለት ሰው ይህን ሲያደርግ ካያችሁት እመኑት። የድምፅ መቀነሻና መጨመሪያው ሲዞር «ክርችችች» የሚለው ግን አቧራ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ተነፍቶ ጥቂት ጊዜ ሲዞር ይተዋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ነው።

ስለ ሸክላ ጥቂት ልበል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ከጀመረ ወዲህ፣ እንደ ካይፋ ሪከርድስ ያሉ ሌሎችም ተጨምረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳው ዘፈን በትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ወጥቷል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት እስኪተካቸው ድረስ። በየቤቱ ሣጥን ሥር ያሉት እነዚህ ናቸው። የያኔው እትም ሁለተኛ አይሠራም፤ ያለን ያው ነው። እጅግ የሚጎዳቸው ደግሞ ያረጀ መርፌ ነው። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ጫፉ ይሾልና መስመሩን ያርሰዋል። ሸክላው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም የሚያስቀምጡ አሉ፤ አባቴም ያደርገው ነበር። እባካችሁ አንሡት። ብዙ መርፌ የሚፈልገው ክብደት ከ1 ተኩል እስከ 3 ግራም ነው፤ ሳንቲሙ በዚህ ላይ ሲጨመር መርፌው ዘፈኑን እየላጠ ነው የሚሄደው። መርፌውን ቀይሩ፣ ሸክላውን በዝግታ በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትላችሁ ጥረጉ፤ መዝለሉ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይቆማል።

የአባቴን ስፒከሮች ሙጫቸው ከደረቀ በኋላ ወደ ሳሎን መለስኋቸው፤ ቡፌው ላይ ግን አይደለም። ሁለት ወንበር አምጥቼ ከመጋረጃው ፊት አቆምኋቸው፤ ዳንቴሉና አበባው ቡፌው ላይ ቀሩ። ሽቦዎቹን ቀይ በቀይ፣ ጥቁር በጥቁር አሰርሁ። ዘፈን አላስቀደምሁም፤ ሬዲዮ ከፈትሁ። ዜና ነበር። ሰውየው ምራቁን ሲውጥ፣ ወረቀቱን ሲገልጥ ይሰማ ነበር። እናቴ ጓዳ ነበረች። ምጣዱን ከድና፣ እጇን እያደራረቀች፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ብቅ አለች፤ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«ማነው የመጣው?» አለች።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፦ ክራር፤ ከፍ ብሎ እስኪያልቅ ይጫወታል)